በውሃ የተፈተነው ከረጢት

ሰኞ

አለፈ። ከረጢቱ አለፈ። ማሽኑ ያወጣውን ቁጥር ሦስት ጊዜ አየሁት። ከፕላስቲኩ ወደ ውሃው የወጣው ብር ከተፈቀደው ወሰን በታች ነው፣ ያውም እጅግ በታች። ብር ስል የጌጡን ማለቴ ነው እንጂ የኪሱን አይደለም። ቅጹ ላይ «ፈታኝ» በሚለው መስመር ስሜን ጽፌ ፈረምኩ።

ደስ ብሎኛል፤ ግን ለማንም ማውራት አልችልም። የደንበኛ ጉዳይ ምስጢር ነው፣ ለሀዋም አይነገርም። ከሚስት ነገር መደበቅ ምን ያህል እንደሚከብድ ያገባ ያውቀዋል። ስለዚህ ለዚህ ደብተር እነግራለሁ።

እዚህ ታከር በምትባል ከተማ ያለው ላብራቶሪያችን የምግብ ማሸጊያ ይፈትሻል። አሁን አሁን ሻጋታና ባክቴሪያ የሚገድል፣ እንደ ብር ያለ ነገር የተቀላቀለበት ፕላስቲክ መጥቷል። የኛ ጥያቄ አንድ ነው፤ ገዳዩ ነገር ፕላስቲኩ ላይ ይቀራል ወይስ ምግቡ ውስጥ ይገባል? ምግቡን ራሱን አንነካውም። በምግቡ ፈንታ ፈሳሽ እናደርጋለን። ለማይኮመጥጥ ምግብ ውሃ፣ ለሚኮመጥጥ እንደ ሆምጣጤ ያለ አሲድ፣ ለቅባታም ዘይት። ፕላስቲኩን ቆርጠን እንዘፈዝፋለን፣ እናቆያለን፣ የወጣውን እንለካለን። በቃ።

ይሄኛው ከረጢት የእንጀራ ነው። የወይዘሮ ትርሲት። በዚህ አካባቢ አበሻ ሱቅ ሁሉ የሚሸጠው እንጀራ የእሳቸው ነው። ከሀዋ ጋር ድሮ አንድ ሆስፒታል ሠርተዋል። ሥራቸውን ለቀው ነው መጋገሪያ ቤት የከፈቱት። እንጀራ በአራተኛው ቀን ይሻግታል፤ በዚህ ከረጢት ግን ሁለት ሳምንት ይቆያል ብለዋል። አንድ ትልቅ ሱፐርማርኬት ከመጪው ሰኞ ጀምሮ ሊረከባቸው ተስማምቷል። የሚጠብቀው የኛን ሪፖርት ብቻ ነው። አለቃዬ ዳያን ሐሙስ ትፈርማለች፣ ዓርብ ይላካል።

እኔ ኮምቦልቻ ኬሚስትሪ ያስተማርኩ፣ እዚህ መጥቼ ዘጠኝ ዓመት ዳውንታውን የመኪና ማቆሚያ ጎጆ ውስጥ ቲኬት የቆረጥኩ ሰው ነኝ። ላብራቶሪ ከገባሁ ሁለት ዓመቴ። የኛ ሰው ምግብ ሲመጣ ይህ የመጀመሪያው ነው፣ ወረቀቱም ላይ ያለው የኔ ስም ነው። አልሀምዱሊላህ።

ግን አንድ ነገር ይጎረብጠኛል። መኪናዬ ውስጥ ሆኜ ሁለት ጊዜ ኪሴን ዳበስኩ። ስልክ አለ፣ ቁልፍ አለ፣ መነጽር አለ። የጎደለ ነገር አላገኘሁም።

ማክሰኞ

የጎደለውን አገኘሁት። ምነው ባላገኘሁት።

ማምሻውን ሀዋ እራት ስታቀርብ ጠረጴዛው ላይ ያንን ከረጢት አየሁ። ራሱን። ባለሱቁ «ለሙከራ ነው፣ ሞክሩትና አስተያየት ስጡ» ብሎ ትናንት ከሌላው ዕቃ ጋር ሰጣት። እኔ ደስታዬን ደብቄ፣ ምንም እንደማያውቅ ሰው ከረጢቱን አገላብጬ አየሁት። ውስጡ አልቦታል። ትኩሱን እያጠፉ ነው የሚያሽጉት ማለት ነው። ጥግ ላይ ውሃ ተጠራቅሟል። የመምህርነት አመል አይለቅም፤ ጣቴን ነክሬ ቀመስኩት።

ኮመጠጠኝ።

ቁጭ አልኩ። ሀዋ «ምነው፣ ተበላሽቷል?» አለችኝ። አይ፣ ደህና ነው አልኳት። እንጀራ ነው፣ መኮምጠጥ ሥራው ነው። እሱ ነው ጣጣው። በውሃ ነው የፈተንኩት። በክፍል ሙቀት፣ በንጹሕ ውሃ! የአላህ ያለህ፣ ሃምሳ አራት ዓመት ሙሉ ስበላው ኖሬ እንጀራ እንደሚኮመጥጥ ረሳሁ።

እንዴት እንደሆነ ልጻፍ፣ ሰበብ ሳላበዛ። ከሦስት ሳምንት በፊት ዳያን ቅጹን ይዛ መጣች። እኔ በሁለት እጄ ብልቃጥ የሞላ ትሪ ይዣለሁ። እንጀራ የሚባለው ዳቦ ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። «አዎ፣ ዳቦ በይው» አልኳትና አለፍኩ። እሷም ዳቦ የሚለው ላይ ምልክት አደረገች። ዳቦ የሚመደበው ከማይኮመጥጡት ጋር ነው። ለማይኮመጥጥ ደግሞ ውሃ።

ዋሸሁ? አልዋሸሁም። ለመድኩ። ማቆሚያ ጎጆዬ ውስጥ ምሳዬን በከፈትኩ ቁጥር መስኮቱ ላይ ቆሞ ምንድን ነው የማይል ሹፌር አልነበረም። መጀመሪያ ሰሞን አስረዳ ነበር። ጤፉን፣ እርሾውን፣ ለቀናት ተቦክቶ ሲፈላ። ከኋላ ያለው ሰውዬ ጥሩንባ ይነፋል፣ የፊተኛው ደግሞ ጠይቆ አይሰማም። ከዚያ «ብሬድ» ብሎ መገላገል መጣ። ዘጠኝ ዓመት የተገላገልኩበት ቃል ላብራቶሪ ድረስ ተከትሎኝ ገባ።

እንጀራውን ከነከረጢቱ ጠቅልዬ ጣልኩት። ሀዋ አፏን ከፍታ ታየኛለች። የሥራ ነገር ነው፣ አትጠይቂኝ አልኳት። ከዚያ ሰሚራ ትዝ አለችኝ። ልጄ ጠዋት ከዚሁ ከረጢት ሁለት እንጀራ ይዛ ነው ሚድታውን ዩኒቨርሲቲዋ የሄደችው። ደወልኩ፤ እንዳትበዪው አልኳት።

«አባ፣ ኦልሬዲ በላሁት እኮ። ሶ? ምን ሆነ?»

ምንም አልኳት። አንድ ቀን በልቶ የሚወድቅ ሰው የለም፣ ይህን አውቃለሁ። ግን እንጀራ የአንድ ቀን ነገር ነው? ጠዋት ፍርፍር፣ ምሳ፣ እራት፣ ዓመቱን ሙሉ። ስሌታችን ደግሞ የተሠራው ሰው በቀን አንድ ሁለት ቁራጭ ዳቦ ይበላል ተብሎ ነው።

እጄ አላርፍ አለኝ። ሳህኖቹን ሁሉ አጠብኩ፣ ንጹሑንም ጨምሬ።

ረቡዕ

አልነገርኳትም።

ጠዋት እነግራታለሁ ብዬ ወጣሁ። መንገድ ላይ ንግግሬን በእንግሊዝኛ ሁለት ጊዜ ተለማመድኩት። ስደርስ ዳያን ከሰው ጋር ነበረች። ስትወጣ እኔ ሥራ ጀምሬ ነበር። ከዚያ ምሳ ሆነ። ለራሴ ያልኩትን እዚህ ላስፍረው፣ ኋላ እንዳልክደው።

ምናልባት በአሲድም ያልፍ ይሆናል፣ ሳላጣራ ለምን አወራለሁ።

ቅጹን የሞላችው እሷ ናት።

ወይዘሮ ትርሲት ሱፐርማርኬቱን ያጣሉ።

እኔም ወደ ጎጆዬ እመለሳለሁ።

አራተኛው ነው እውነቱ። ሌላው ማጀቢያ ነው።

ከሰዓት በኋላ ያልተፈቀደ ነገር ሠራሁ። የተረፈውን ፕላስቲክ ቆረጥኩ፣ አሲዱን እንደ ትኩስ እንጀራ አሙቄ አፈሰስኩበት፣ ክዳኑ ላይ ስም ሳልጽፍ ናሙና የምናሞቅበት ምድጃ ጥግ ላይ ሸሸግኩት። የሥራ ትእዛዝ የለውም፣ ቁጥር የለውም። ተማሪዎቼ እንዲህ ሲያደርጉ ባገኛቸው ጆሮ ነበር የምቆነጥጠው። ሁለት ዓመት ሙሉ አንዲት ብልቃጥ ያለ ስም አስቀምጬ አላውቅም።

ይህን ስሠራ ስልኬ ጠራ። ወይዘሮ ትርሲት ናቸው። አላነሳሁም። መልእክት ትተዋል፤ ሁለት ጊዜ ሰማሁት። ሀዋ እዚያ እንደምሠራ ነግራቸው ኖሯል። ውጤቱን እንድነግራቸው እንዳልሆነ፣ ደህና መሆኑን ብቻ በአንድ ቃል እንዳሳርፋቸው ነው የሚለምኑት። መጨረሻ ላይ «ጌታ ይባርክዎ ጋሽ ኑሩ» አሉኝ። ምርቃቱ ነው የከፋኝ።

መልሼ አልደወልኩም። ደንቡ አይፈቅድም። ደንብ ሲጠቅመኝ እንዴት አድርጌ እንደማስታውሰው!

ሐሙስ

ጠዋት ማንም ሳይገባ ገብቼ ለካሁት። በውሃ ከወጣው ጋር ጭራሽ አይገናኝም። ወሰኑን አልፏል። ትንሽ አይደለም ያለፈው። ማሽኑን አጥቤ ደገምኩ። ያው ነው።

በቃ፣ ምናልባት የሚባለው ነገር አለቀ።

ዳያን ከምሳ በኋላ ልትፈርም ነው። ቢሮዋ በር ድረስ ሁለት ጊዜ ሄጄ ተመለስኩ። አንዴ የወረቀት ማሽኑን የፈለግኩ መሰልኩ፣ አንዴ ደግሞ ውሃ ቀዳሁ። ሀዋ ስለ ሌላ ሰው ስታወራ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ማለት ትወዳለች። ለካ ስለኔ ነው። በሦስተኛው ሳላንኳኳ ገባሁ።

«ሪፖርቱን አትፈርሚው» አልኳት። «በውሃ መፈተን አልነበረበትም። እንጀራ ኮምጣጣ ነው፣ የሚታሸገውም ትኩሱን ነው። ዳቦ ነው ያልኩሽ እኔ ነኝ።»

ብዕሯን አስቀመጠች። አልጮኸችም። ብትጮኽ ይሻለኝ ነበር።

«መቼ ነው ያወቅከው?»

የፈራሁት ይህንን ነው። «ማክሰኞ ማታ።»

«ዛሬ ሐሙስ ነው» አለች።

የደበቅኩትንም ሙከራ አወጣሁላት። ቁጥሩን አነበበች፣ ፊቷ ተለወጠ። ግን ይህ ወረቀት ምንም አይደለም አለችኝ። ትእዛዝ የሌለው ፈተና ፈተና አይባልም። ለደንበኛውም አይነገርም፣ ወሰኑን አልፏል ብሎ ለመጻፍም አይሆንም። የሚሆነው በኔ ፋይል ውስጥ ለመግባት ነው። ፈተናው እንደ አዲስ፣ በደንቡ፣ በሌላ ሰው እጅ ይሠራል።

ደንበኛዋን ታውቃታለህ ወይ አለችኝ። እንጀራዋን የማይበላ አበሻ ቢኖር ጥቂት ነው አልኳት። ይህንንም ጻፈችው።

እስከ ሰኞ ዕቃ አልነካም። የጥራት ክፍሉ ኃላፊ ይወስናል። ጓንቴን አውልቄ ወጣሁ። ፈርቻለሁ። ቀለል ይለኛል ብዬ ነበር፤ አልቀለለኝም።

ዓርብ

ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥኩ። የድሮ ፋይል አስተካክል ተባልኩ። ባልደረቦቼ ያወቁ ይመስለኛል፤ ሁሉም ደህና ዋልክ ይለኛል፣ ሲያልፍም ሲመለስም።

ጠዋት ዳያን ለወይዘሮ ትርሲት ስትደውል በሩ ክፍት ነበር። ፈተናው በትክክለኛው ሁኔታ አልተሠራም፣ ይደገማል፣ ይዘገያል አለቻቸው። ያለችው ሁሉ እውነት ነው። ከዚያ በላይ ማለትም አትችልም። ግን «ይዘገያል» የሚል ሰው «አቁሙ» አላለም።

ጁምዓ ሰገድኩ። ኢማሙ ስለ ምን እንደተናገሩ ብጠየቅ አላውቀውም። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ሱጁድ ላይ ሆኜ ስለ ፕላስቲክ ነበር የማስበው።

ማታ ሀዋ ስልክ ላይ የሰማችውን አወራችኝ። ወይዘሮ ትርሲት ሪፖርቱ እንደዘገየ ነግረዋታል፤ የፈረንጅ ወረቀት መቼ በቀኑ ደርሶ ያውቃል ብለው ስቀዋል። እሑድ በቤተ ክርስቲያናቸው የምሳ ግብዣ አለ። ለሙከራው ጥሩ አጋጣሚ ነው ብለው እንጀራውን በሙሉ በአዲሱ ከረጢት አሽገዋል።

ያን ጊዜ ሁሉንም ለሀዋ ነገርኳት። ምስጢሩን አፈረስኩ። ሰምታ ስትጨርስ ሰሚራ የበላችውን ነው መጀመሪያ የጠየቀችኝ። ከዚያ «ለሴትዮዋ ንገራቸው» አለች። አይፈቀድልኝም አልኳት። ያልተፈተነ ነገር በኔ ቃል መጥፎ ነው ብል፣ ኋላ በደንቡ ሲፈተን ቢያልፍስ? የሰው እንጀራ ነው።

«እሱማ የሰው እንጀራ ነው» አለችና ተነሥታ ሄደች።

ቅዳሜ

መጡ። እኔ ልሂድ አልሂድ ስል እሳቸው መጡ።

መኪናቸውን ከቤታችን ፊት ፓርክ ሲያደርጉ በመስኮት አየኋቸው። ወደ ጓሮ በር ልወጣ አስቤ ነበር። ይህንንም ልጻፈው እንግዲህ፣ የሃምሳ አራት ዓመት ሰው በጓሮ በር ሊያመልጥ ነበር። ሀዋ ቀድማ ከፈተችላቸው።

ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ፣ ጃኬታቸውን አላወለቁም። ሻይም አልፈልግም አሉ።

«ያቺ ሴትዮ ደውላልኝ ነበር። ኮንዲሽኑ ልክ አልነበረም፣ ይደገማል አለችኝ። ትናንት ስቄ ዋልኩ። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ልክ አልነበረም ማለት ምን ማለት ነው ጋሽ ኑሩ?»

ስለ ሥራው መናገር እንደማልችል ነገርኳቸው። ድምፄ ለራሴም አስጠላኝ። የሆነውን ግን፣ ማለትም ስህተቱን የሠራሁት እኔ መሆኔን፣ እንጀራን ዳቦ ነው ማለቴን ተናገርኩ። እሱ የኔ ገመና ነው፣ የማንም ምስጢር አይደለም።

ትክ ብለው አዩኝ። ቅጹ ላይ መጀመሪያ «ፍላት ብሬድ»፣ ጠፍጣፋ ዳቦ፣ ብለው የጻፉት እሳቸው መሆናቸውን ያን ጊዜ ነገሩኝ። ሃያ ዓመት ሆስፒታል ውስጥ ለነርሶቹም ለበሽተኛውም ብሬድ ነው ሲሉ ኖረው ሌላ ምን ሊጽፉ። ዳያንም እኔን የጠየቀችኝ ለማረጋገጥ ኖሯል። አበሻ ነው፣ ያውቃል ብላ። ጥፋቱን ተካፈልነው፣ የኔ ድርሻ ግን አላነሰም።

«ነገ ቸርቹ ሙሉ ሰው ይበላል» አሉኝ። «እንጀራው ፍሪጅ ገብቷል። ስለ ላብራቶሪው አልጠይቅዎም። አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ፤ ለሰሚራ ያበሏታል?»

ሀዋ ከኩሽናው በር ላይ ቆማለች። እኔ ምንጣፉን ነው የማየው። የፈረምኩት የምስጢር ወረቀት ታየኝ፤ ከዚያ ደግሞ የመኪና ማቆሚያው ጎጆ፣ መስኮቷ፣ በክረምት እግሬ ሥር የማደርጋት ማሞቂያ።

«የቤቴን ልንገርዎ» አልኳቸው። «ማክሰኞ ማታ ያንን እንጀራ ከነከረጢቱ ጥዬዋለሁ። ሰሚራንም እንዳትበላው ደውዬላታለሁ።»

«ማክሰኞ» አሉ።

«አዎ።»

«እኔ ረቡዕ ደወልኩልዎ።»

«አዎ።»

«ለነገው ያሸግኩት ሐሙስ ነው።»

ዳያን ቀኑን ስትቆጥርብኝ ለሥራዬ ነበር የፈራሁት። እሳቸው ሲቆጥሩት አፈርኩ፤ ፊቴን የማደርግበት ጠፋኝ።

ስልካቸውን አወጡና እዚያው ፊቴ ደወሉ። ለቤተ ክርስቲያኑ ምግብ ኃላፊ ነው። ፍሪጁን ክፈት፣ የኔን በሙሉ አውጣ፣ አንድም እንዳይቀርብ አሉት። ሰውየው ምን ሆነ እያለ ይጠይቃል፤ ስመጣ እነግርሃለሁ ብለው ዘጉት። ከረጢቱን ለሙከራ ለሰጧቸው ሁለት ሱቆችም ደወሉ። አላለቀሱም።

ሲወጡ «ጌታ ይርዳዎ» አሉኝ። ምርቃት ይሁን ወቀሳ አልገባኝም። ሀዋ መኪናቸው ድረስ ሸኘቻቸው፤ ብዙ ቆሙ። ተመልሳ ስትመጣ ምን እንዳወሩ አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

እሑድ

ቀኑን ሙሉ ስንቆራጠጥ ዋልኩ። መኪናዬን አጠብኩ። የሰሚራን መኪና አጠብኩ። የጎረቤቱን ልጠይቅ ነበር።

ግብዣው በምን እንደተበላ ሀዋ ሰማች። ወጡ ተሠርቷል፣ እንጀራ የለም፤ ከሱፐርማርኬት ዳቦ ተገዝቶ በዳቦ በሉት። የቸርቹ ሽማግሌ ዶሮ ወጥ በሀምበርገር ዳቦ ሲጠቀልሉ ሰው ሁሉ ሲስቅ ነበር አለች። ወይዘሮ ትርሲት ግን ቆመው ለሁሉም ምክንያቱን ተናግረዋል። ከረጢቱ ገና አልተረጋገጠም፣ ያልተረጋገጠ አላበላችሁም ብለው። የኔን ስም አላነሱም።

ይህን ስሰማ ተነሥቼ ሌላ ክፍል ገባሁ።

ሰኞ

ጠዋት ጃኬቴን ሳላወልቅ ለዳያን ቅዳሜ የሆነውን ነገርኳት። ሀዋም እንደምታውቅ፣ ወይዘሮ ትርሲትም ቤቴ እንደመጡ፣ ምን እንዳልኩ፣ ቃል በቃል። ያሳደርኩት ሥራ እስኪከፈት ብቻ ነው። ይህንንም ጻፈችው። የኔ ፋይል በዚህ ሳምንት ኩፍ ብሏል፣ እንደ ሊጥ።

የጥራት ኃላፊው አጭር ሰውዬ ነው፣ ወሬ አይወድም። ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ሰጠኝ። ሦስት ነገር ነው የተጻፈብኝ። ስም የሌለው ብልቃጥ፣ የደንበኛ ምስጢር፣ ሁለቱ ቀናት። ዳቦ ያልኩት የለበትም። እሱ ማንም ሰው ሊሳሳተው የሚችል ነው፣ ጥፋተኛው ይኮመጥጣል ወይ ብሎ የማይጠይቀው ቅጽ ነው አለ። ከሥራ አልተባረርኩም። ፈተናው እስኪያልቅ ግን ወደ ውስጥ አልገባም፤ ናሙና መቀበያው ላይ እቀመጣለሁ። ከዚያ በኋላስ አልኩት። ከዚያ በኋላ እናያለን አለ።

አዲሱ ፈተና ዛሬ ተጀመረ። ሌላ ባልደረባዬ ነው የሚሠራው። በሚኮመጥጥ፣ መጀመሪያ በትኩሱ፣ ከዚያ ለአሥር ቀን ምድጃ ውስጥ። ዳያን ሰው በቀን ስንት ጊዜ እንጀራ ይበላል ብላ ጠየቀችኝ። ጠዋት፣ ምሳ፣ እራት ስላት ቀና ብላ አየችኝ። ያን ሁሉ ስሌት እንደገና ሠራችው።

ሱፐርማርኬቱ ይጠብቃል ወይስ አይጠብቅም፣ አላውቅም። ወይዘሮ ትርሲት በድሮው ከረጢት ለሱቆቹ ማድረሳቸውን ቀጥለዋል። ሀዋ ዛሬ ገዝታ መጣች። በላሁ።

ማክሰኞ

ምድጃው ሁለተኛ ቀኑ ነው። በዚያ በኩል እንዳላልፍ ምሳዬን መኪናዬ ውስጥ በላሁ።

መቀበያው ላይ መስኮት አለ። ስቀመጥ፣ ዘጠኝ ዓመት ከመስኮት ኋላ ተቀምጬ አሥረኛውን ጀመርኩ እንዴ አልኩ። ጠዋት የመጡት ሁለት ደንበኞች ቀላል ነበሩ። አንዱ ብስኩት፣ አንዱ የድመት ምግብ።

ከሰዓት በኋላ አንድ ሽማግሌ ኮሪያዊ መጣ። ያመጣው ባክቴሪያ የሚከላከል ክዳን ያለው የፕላስቲክ ዕቃ ነው፣ ለጎመን። በእንግሊዝኛ ስንግባባ ሁለታችንም ቃል እየፈለግን ነው። ቅጹን ገልብጬ የምግቡን ዓይነት ጠየቅኩት። ሰዓቱን አየ። ትከሻውን ነቀነቀ።

«ሰላጣ ነው» አለኝ። «ሰላጣ ብለህ ጻፈው።»

ብዕሬን አስቀመጥኩ። ዳቦ የሚለው ላይ ምልክት ያደረገው የዳያን እጅ ትዝ አለኝ፣ የትሪው ክብደትም። መስኮቱን ትቼ በበሩ በኩል ዞሬ ወጣሁና ወንበር አቀረብኩለት።

«ይቀመጡ» አልኩት። «ይኮመጥጣል?»

ሳቀ። እንዴታ፣ ባይኮመጥጥ ማን ይበላዋል አለ። ስንት ቀን ይቆያል? በስንት ሙቀት? ሲታሸግ ውሃ ያወጣል? በቀን ስንቴ ትበሉታላችሁ? ያችን ጊዜ ፊቱ ተለወጠ። ማንም እንዲህ ጠይቆት የማያውቅ ይመስለኛል። እጁን እያወናጨፈ ጀመረ፣ መሀል ላይ ተጠራጠረ፣ ይሄንንስ ሚስቴ ናት የምታውቀው አለ።

ይደውሉላት አልኩት። ከኋላው ሌላ ደንበኛ ቆሞ ጉሮሮውን ይጠራርጋል። ትንሽ ይጠብቁ አልኩት ለሱም።

ሴትዮዋ ስልኩ ላይ እየተቆጣች በኮሪያኛ ታወራለች፣ እሱ ይተረጉማል፣ እኔ እጽፋለሁ። ቅጹ አልበቃኝም። ሁለት ገጽ ጨመርኩ።